ውሸት ሲረክስ
በእስራኤሏ ናታንያ፣ በኪርያት ሀሻሮን ሰፈር የሚኖር አማርኛ አንባቢ የሁለት ባላንጣነት ወሬ በአንድ ስልክ ይደርሰዋል፤ የእስራኤልና የኢራን፣ የኢትዮጵያና የግብፅ። ሐሰተኛ መረጃ በሁለቱም ሜዳ ተሰልፏል።

በዓባይ በኩል፣ ማለትም በኢትዮጵያና በግብፅ ሜዳ፣ ሥራው ከሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ዘመን ይቀድማል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድ የግብፅ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር የተያያዙ፣ በአማርኛ ጭምር የሚጽፉ ሐሰተኛ ገጾችን ዘጋ። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ምርጫ በፊት ደግሞ ከኢትዮጵያ መንግሥት የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም ከኢንሳ ጋር የተያያዙ ሰዎች ያንቀሳቅሱታል ያለውን፣ 65 አካውንቶችና 52 ገጾች የነበሩትን መረብ አነሳ። ያኔ አማርኛ የሚጽፍ ሰው መቅጠር ግድ ነበር። ዛሬ ኤአይ ያንን ሥራ በደቂቃ ይጨርሰዋል።

የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ በግንቦት 2024 ከሩሲያ፣ ከቻይና፣ ከኢራንና ከእስራኤል የሚነሱ ዘመቻዎች መሣሪያዎቹን ሲጠቀሙ እንደደረሰባቸው ገለጠ። የእስራኤሉን ዘመቻ ያካሄደው ስቶይክ የተባለ የቴል አቪቭ ድርጅት ነበር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የዘጋቸው 510 የፌስቡክ አካውንቶቹ አይሁዳዊ ተማሪ ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ መስለው በፖለቲከኞችና በመገናኛ ብዙኃን ገጾች ሥር አስተያየት ይጽፉ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ገንዘቡ ከእስራኤል የዳያስፖራ ጉዳዮች ሚኒስቴር እንደመጣ ዘገበ፤ ሚኒስቴሩ አስተባበለ።

በሰኔ 2025ቱ የእስራኤልና የኢራን የ12 ቀን ጦርነት ተራው የቪዲዮ ሆነ። አዛካ (የአደጋ ጊዜ ሳይረን) በሚጮኽበት ሰሞን፣ ቴል አቪቭ እንደወደመች የሚያሳዩ በኤአይ የተሠሩ ምስሎች ስልኮችን አጥለቀለቁ። ቢቢሲ ካጣራቸው ሐሰተኛ ቪዲዮዎች በብዛት የታዩት ሦስቱ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይተዋል። የእስራኤል ደጋፊዎችም የቆዩ የኢራን ሰልፎችን እንደ አዲስ አሰራጩ።

የዚህ ዓይነቱ ወሬ ዋጋ በሕይወት ጭምር ይከፈላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ከተሰራጨ ከሳምንታት በኋላ በኅዳር 2021 ተገደሉ። ልጃቸው በሜታ ላይ የመሠረተውን ክስ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለማየት ሥልጣን እንዳለው የወሰነው በሚያዝያ 2025 ነው።

መከላከያው ገና ቀጭን ነው። ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ የተባሉት የመረጃ አጣሪዎች በዋናነት የኢትዮጵያን ወሬ ያጣራሉ፤ የእስራኤሉ ፌክ ሪፖርተር የዕብራይስጡን ይከታተላል። ስለ ቴል አቪቭ የተሠራ ሐሰት በአማርኛ ድምፅ ታጅቦ ወደ ቤተሰብ የዋትስአፕ ግሩፕ ሲገባ በሁለቱ መካከል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ክፍተቱን ለመሙላት ቅርብ የሆኑት ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከእናታቸው የወሰዱ የናታንያ ወጣቶች ናቸው፤ ይህን ሥራ ደመወዝ ያለው ሙያ ያደረገላቸው ግን አላየሁም።