እሳት ሲፈራ ፀሐይ የሰነጠቃቸው መርከቦች

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1982 በፎክላንድ ጦርነት የብሪታንያዋ የጦር መርከብ ሼፊልድ በሚሳይል ተመትታ ስትቃጠል፣ ብዙ ጋዜጦች ጥፋቱን በአሉሚኒየም አላከኩ። ሼፊልድ ግን ከወለሏም በላይ ብረት ነበረች። ለወሬው ሥር የሆነው ሌላ አደጋ ነው፦ በ1975 ሲሲሊ አጠገብ ከአውሮፕላን ተሸካሚው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጋር የተጋጨችው የአሜሪካ መርከብ ቤልናፕ፣ የአሉሚኒየም ፎቆቿ በእሳት ቀልጠው ወድመዋል። ከዚያ ወዲህ የአሉሚኒየም መርከብ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚሽከረከረው በእሳት ዙሪያ ነው። ዋናውን ጉዳት ስታደርስ የኖረችው ግን ፀሐይ ናት።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1983 እስከ 1994 ድረስ ቲኮንዴሮጋ የሚባሉ 27 ክሩዘር የጦር መርከቦችን ሥራ አስጀመረ። ቀፏቸው ብረት፣ ከወለል በላይ ያለው ግን 5456 የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አሉሚኒየም የብረትን ሲሶ ያህል ይመዝናል፣ ከላይ የከበደ መርከብ ደግሞ ማዕበል ሲመታው ያስፈራል። በቅይጡ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ማግኒዢየም አለ። ጥንካሬ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከእሱ ነው።

ማግኒዢየሙ ከ3 በመቶ ሲያልፍ አሉሚኒየሙ ሁሉንም አሟሙቶ መያዝ ያቅተዋል። ፀሐይ የመታው ወለል 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ እየጋለ ዓመታት ሲቆጠሩ፣ ትርፉ ማግኒዢየም ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ ቅይጡ በተገነባባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ድንበር ላይ ይሰለፋል። ይህ ስስ መስመር ጨዋማ ውሃ ሲያገኘው ከዙሪያው ቀድሞ ይበላል። ድንጋዩ እንዳለ ሆኖ ጭቃው ብቻ እንደታጠበ ካብ ማለት ነው፤ የመርከቡ እንቅስቃሴ ሲወጥረው ይሰነጠቃል።

ክፋቱ በዓይን አለመታየቱ ነው። ለመመርመር ከወለሉ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ በናይትሪክ አሲድ ውስጥ 30 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት ይነከርና ይመዘናል። በካሬ ሴንቲሜትር ከ15 ሚሊግራም በላይ ካልቀነሰ ደህና ነው፤ ከ25 ካለፈ ተጋልጧል ይባላል። እስከ 2010 ድረስ በእነዚህ ክሩዘሮች ላይ ከ3,000 በላይ ስንጥቆች መገኘታቸው ተነግሯል።

ታዲያ በይዶ መድፈን ነዋ! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠምመው። በፀሐይ የተጎዳው ገበታ የብየዳው ሙቀት ሲነካው ከስፌቱ ጎን እንደገና ሊሰነጠቅ ይችላል። ሁለት ዓይነት ቅይጥ ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። በመርከብ ሥራ እንደ 5456 ያለ የ5000 ተከታታይ ገበታ ከ6000 ተከታታይ ዘንግ ጋር ይበየዳል። 6061 የሚባለው ቅይጥ ሲሠራ 310 ሜጋፓስካል ውጥረት የሚችል ሲሆን፣ ብየዳ ከነካው በኋላ መሐንዲሶች የሚተማመኑበት 165ን ብቻ ነው። በያጁ ሲሊከን ያለበትን 4043 ሽቦ ማግኒዢየም ከበዛበት ገበታ ጋር ካዋለው ስፌቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ ትክክለኛው 5356 ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ስፌት ላይ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው የተለያየ ሦስት ቅይጦች ተደርድረዋል፤ ጨው ከነካቸው ደካማው ለሌሎቹ ይከፍላል። በ1991 በእንግሊዙ የብየዳ ተቋም የተፈለሰፈው፣ ቅይጡን ሳያቀልጥ በሚሽከረከር ዘንግ እያማሰለ የሚያጣብቀው ዘዴ ብዙ ችግር አቃሏል። ሙቀት የነካው ጠርዝ ግን በእሱም ቢሆን አይቀርም።

ችግሩ በክሩዘሮቹ አላበቃም። በ2010 አገልግሎት የጀመረችው ባለሦስት ቀፎዋ የአሜሪካ የጦር መርከብ ኢንዲፔንደንስ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነበረች። በዓመቱ በውሃ መግፊያዎቿ አካባቢ፣ አሉሚኒየምና ሌላ ብረት በሚገናኙበት፣ ብርቱ ዝገት ተገኘ። በ2021 ከአገልግሎት ወጣች፤ ወጪም ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ዝገቱን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ2022 ግን እህት መርከቦቿ ላይ ስንጥቅ መገኘቱ ተሰማ።

እኔ ጥፋቱን በአሉሚኒየሙ ላይ አልጥልም። ከ3 በመቶ በላይ ማግኒዢየም የሚያመጣውን መዘዝ የብረታ ብረት አጥኚዎች ክሩዘሮቹ ከመታሰባቸው በፊት ያውቁት ነበር። መርከብ ሲገዛ ግን በወረቀቱ ላይ የሚታየው የክብደት ቁጥር ነው፤ የጥገናው ሒሳብ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሌላ ሰው ይደርሳል። ባሕር ኃይሉ ከ1991 ጀምሮ ባስገባቸው የአርሌይ በርክ መርከቦች ላይ ከጥቂት ክፍሎች በቀር ወደ ብረት ተመልሷል። የመለሰው በአመዛኙ የእሳት ፍርሃት ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር፤ እነዚህ መርከቦች ዛሬም እየተገነቡ ነው።