ጠመንጃ በቤት ውስጥ፦ የግል ደኅንነትና የመታጠቅ ውሳኔ በድሬዳዋ

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ገለጻ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል። በድሬዳዋ የሚኖር፣ ሕግ የሚያከብርና ለቤተሰቡ የሚያስብ አንድ ሰው ለደኅንነቱ ሲል ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ይኑረው ወይስ አይኑረው? ስለ ጦር መሣሪያ በአደባባይ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው መንግሥትን፣ ታጣቂ ቡድኖችንና ድንበርን ነው። እኔ ግን የምናገረው ስለ ቤት ነው፤ ማታ በሩን ዘግቶ ልጆቹን አስተኝቶ፣ ከደጅ ኮሽታ ሲሰማ ምን ላድርግ ብሎ ስለሚያስብ ሰው። ይህን ሰው ፈሪ ወይም ጠብ ፈላጊ ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ጥያቄው የራሱ ክብደት ያለው በመሆኑ በስሜት ሳይሆን በሚዛን መመለስ ይኖርበታል።

የመሣሪያ መንገድ የነበረች ከተማ

ድሬዳዋ ለጦር መሣሪያ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት እንኳ ከባሕር ጠረፍ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚወስዱት መንገዶች ጠመንጃ የጫኑ ግመሎች ይመላለሱባቸው ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ ሐረር ተቀምጦ ይነግድ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1887ም ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ማቅረቡ የታወቀ ነው። «ውጅግራ» የምንለው ስም እንኳ «ፊዚ ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የመጣ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እዚህ ሲደርስ ከተማችን ተወለደች፤ የግመሉን መንገድም ሐዲዱ ተካው። ከዚያም በኋላ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን አጥቅቷል፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት መሣሪያ በየአካባቢው ተሠራጭቷል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ጠመንጃ ከአገር ነጻነት፣ ከጀግንነትና ከአባወራ ክብር ጋር የተቆራኘ ነው። ይህ ትርጉም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጠላት በግንባር በሚታይበት ሜዳ የተገኘ ትርጉም ነው። አሥር ቤተሰብ አንድ በር በሚጋራበት የከተማ ግቢ ውስጥ ያው ብረት ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል ወይ? መመርመር ያለብን ይህንን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 14 የሕይወት፣ የአካል ደኅንነትና የነጻነት መብትን፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብትን ያረጋግጣል። መሣሪያ የመያዝ መብት የሚል ድንጋጌ ግን የለውም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ድንጋጌ በሕገ መንግሥታቸው ያሰፈሩት አሜሪካን፣ ሜክሲኮንና ጓቲማላን የመሳሰሉ ጥቂት አገሮች ናቸው። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥብ ግልጽ ነው፤ ከጓሮ ገበያ ተገዝቶ ከፍራሽ ሥር የተደበቀ ሽጉጥ ባለቤቱን ከሌባ ከማዳኑ በፊት ራሱን በወንጀል ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዚህ ወዲያ የምንነጋገረው ፈቃድ ሊያገኝ ስለሚችል ሰው ነው።

ፈቃድ ያለውም ቢሆን መሣሪያውን የሚጠቀምበት ወሰን ጠባብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ከባድነትና ሊጠበቅ ከተፈለገው ጥቅም ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ወሰኑን ያለፈ ሰው በአንቀጽ 79 መሠረት ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። በዚህ ሁኔታ ሰው ከሞተ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 541 ይሄዳል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ሌባ አጥር ዘልሎ ገባ፤ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ሲሮጥ ባለቤቱ ከጀርባው ተኮሰ። በሕጉ ዓይን በሰው ላይ የተቃጣው ጥቃት አልነበረም፣ ወይም አብቅቷል፤ ለቴሌቪዥን የሰው ሕይወት አይመጣጠንም። ባለቤቱ በዚያች ሌሊት በድንጋጤና በጨለማ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ ዳኞች በወራት የሚመረምሩትን ጥያቄ በትክክል መመለስ ይጠበቅበታል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ከመንግሥት ፍርድ ቤት ሌላ ሸንጎም አለ። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ፣ በሶማሌ ዘንድ የደም ካሳ የሚወሰንበት ሥርዓት እስከ ዛሬ ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የኢሳ ማኅበረሰብ ሔር ከነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ነው። በእነዚህ ሥርዓቶች ደም ያፈሰሰ ሰው ብቻውን አይከፍልም፤ ወገኑ፣ ዘመዱ፣ ጎሣው አብሮት ይከፍላል። ስለዚህ በድሬዳዋ አንዲት ጥይት ስትተኮስ ቃታውን የሳበው አንድ ሰው ቢሆንም ዕዳው የብዙ ሰው ነው።

ስጋቱን በስሙ መጥራት

«ለደኅንነቴ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ውሳኔው ትክክል እንዲሆን ስጋቱን በዝርዝር መለየት ያስፈልጋል። የቀፊራ ነጋዴ የሚፈራው የዕለት ሽያጩን ይዞ ሲመለስ መዘረፍን ሊሆን ይችላል። የባጃጅ ሾፌር የሚፈራው በማያውቀው ሰፈር በምሽት መታገትን ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት የምትፈራው የምታውቀውን ሰው ሊሆን ይችላል። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በከተማችን የደረሱትን ሁከቶች ያየ ሰው ደግሞ የሚፈራው በቡድን የሚመጣን መንጋ ነው።

እያንዳንዱን ከጠመንጃው ጋር እናገናኘው። ዘራፊ ጊዜና ቦታ የሚመርጠው እርሱ ነው፤ ድንገት ከኋላ ለመጣ ሰው በወገብ ያለ ሽጉጥ ብዙ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ይነጠቃል፣ በዝርፊያው ላይም ተጨማሪ ምርኮ ይሆናል። የምታውቀው ሰው ስጋት የሆነባት ሴት ከመሣሪያው ጋር ያለው ሰው ከእርሷ በጉልበት የሚበልጥ፣ የቤቱንም መግቢያ መውጫ የሚያውቅ ነው። ለመንጋ የሚተኮስ አንድ ጥይት ደግሞ ድንጋይ ይዞ የመጣውን ችቦ እንዲያመጣ ሊያደርገው ይችላል። ጠመንጃ በእርግጥ የሚረዳበት ሁኔታ አለ፤ ባለቤቱ ነቅቶ፣ ሠልጥኖ፣ አጥቂውን አስቀድሞ አይቶ፣ ከኋላው ሌላ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ሲቆም። ይህ ሁኔታ አይከሰትም አልልም፤ ነገር ግን ሰዎች በሐሳባቸው የሚሥሉት ይህንኑ አንዱን ብቻ ነው።

ወደ ቤት የሚገባው አደጋ

ጠመንጃ ስንገዛ አደጋን ከቤት የምናስወጣ ይመስለናል። ከጥናት የሚገኘው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ዴቪድ ስተደርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያ የሚኖሩ 26 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎችን ከ2004 እስከ 2016 ተከታትለዋል። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋታቸው መጠን ስምንት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሴቶች ዘንድ ልዩነቱ 35 እጥፍ ገደማ ነው። በ2022 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ራሳቸው ሽጉጥ የሌላቸው፣ ግን ከባለ ሽጉጥ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሰው እጅ የመገደላቸው ዕድል ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህም ውስጥ በቤታቸው በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው የተገደሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ካሊፎርኒያ ድሬዳዋ አይደለችም፤ ቁጥሩን እንዳለ ቀድተን እዚህ ልንለጥፈው አንችልም። ቀድሞ የወጡ ተመሳሳይ ጥናቶች «መሣሪያ የሚገዛው ቀድሞውኑ አደጋ ያለበት ሰው ነው» የሚል ትችት እንደ ቀረበባቸውም መካድ የለብንም። ቢሆንም ነገሩ የሚሠራበት መንገድ አገር አይመርጥም። ንዴትና ተስፋ መቁረጥ በአብዛኛው የሚያልፉ ስሜቶች ናቸው፤ በዱላ ወይም በመርዝ የተጀመረ ነገር ሐኪም ሊደርስበት፣ ጎረቤት ሊያስጥለው ይችላል። ጥይት ግን ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም።

የከተማችንን አኗኗር እንጨምርበት። ግድግዳው ጭቃ ወይም ቆርቆሮ በሆነበት ሰፈር ጥይት በአንድ ቤት ውስጥ አይቆምም። በሙቀቱ ወራት ሰው በግቢና በበረንዳ ይተኛል። ልጅ የማያገኘው የተደበቀ ዕቃ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። «ባዶ ጠመንጃን ሰይጣን ያጎርሰዋል» የሚባለውም ጎርሷል ብሎ ያልጠረጠረ ሰው ስንቱን እንዳቆሰለ ስለታየ ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና እንቆቅልሽ ይገኛል። መሣሪያ ለቤተሰብ አደገኛ እንዳይሆን ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው መቀመጥ አለበት። ከሌሊት አጥቂ እንዲያድን ግን ጎርሶ ከትራስ አጠገብ መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ጠመንጃውን በጥንቃቄ የያዘ ሰው በአስፈላጊው ሰዓት አያገኘውም፤ በቅርብ ያስቀመጠው ደግሞ የቤቱን አደጋ ራሱ ያሳድገዋል።

ጎረቤትም ሲታጠቅ

የመታጠቅ ውሳኔ በአንድ ቤት አያበቃም። ጆን ኸርዝ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ መንግሥታት ሲጽፍ «የደኅንነት አጣብቂኝ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ አንዱ ለመከላከል የሚያደርገው ዝግጅት ለሌላው የጥቃት ዝግጅት ሆኖ ይታየዋል፣ እርሱም ይዘጋጃል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ከመጀመሪያው የባሰ ስጋት ላይ ይወድቃሉ። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ልዩ ልዩ ቋንቋና እምነት ያላቸው ሰዎች ተጎራብተው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ የአንድ ሰፈር ወጣቶች ታጠቁ የሚል ወሬ ብቻውን የሌላውን ሰፈር ሊያስታጥቅ ይችላል። የግል ጥንቃቄ የነበረው ነገር ሳይታሰብ የወገን ጉዳይ ይሆናል።

የተቃራኒው ክርክር

በዚህ ሁሉ ላይ ጠንካራ መልስ አለ። «ፖሊስ በማይደርስበት ሰዓት ማን ይድረስልኝ? ወንጀለኛው ፈቃድ ሳይጠይቅ ታጥቋል፤ እኔ ባዶ እጄን እንድቀር መምከር ለእርሱ ማድላት ነው» የሚል። ይህን ክርክር አቃልዬ አላየውም። ከከተማ ርቆ በምድረ በዳ ከብት ለሚጠብቅ አርብቶ አደር፣ ወይም ሥራው ጥበቃ ለሆነና ለሠለጠነ ሰው፣ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ሊያደላ ይችላል። መንግሥትም ዜጋውን መሣሪያህን አስቀምጥ ሲል የመጠበቅን ግዴታ በሙሉ መቀበሉ ነው፤ ያንን ካልፈጸመ ምክሩ ባዶ ነው። ነገር ግን ክርክሩ የሚያስረዳው ጥበቃ እንደሚያስፈልግ ነው። በከተማ ግቢ ውስጥ ያለ ጠመንጃ ያንን ጥበቃ ይሰጣል የሚለው ገና ማስረጃ የሚፈልግ ሌላ ነጥብ ነው።

ውሳኔው

እንግዲህ ለመወሰን የተዘጋጀ ሰው ራሱን ቢጠይቅ የምመክረው እነዚህን ነው። የምፈራው በትክክል ምንድን ነው? ያ ነገር ሲመጣ መሣሪያው በእጄ ይሆናል? ከእኔ ጋር የሚኖሩት እነማን ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል በቁጣ፣ በመጠጥ ወይም በጭንቀት ጊዜ የማልተማመንበት፣ እኔንም ጨምሮ፣ ማን ነው? ስጋቴን የሚቀንስ፣ ማንንም የማይገድል ምን ነገር ገና አልሞከርሁም?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፍ ነው። ዘራፊን የሚጠራው በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ያንን ማባበያ ይቀንሳሉ። የደጅ መብራት፣ ጠንካራ በር፣ በጋራ የሚከፈለው የሰፈር ዘበኛ፣ ከማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ጋር ያለ ትውውቅ ሌባን የሚያስቡት ያህል ያርቃሉ። በቤቷ ውስጥ ለምትፈራ ሴት ደግሞ ከሽጉጥ ይልቅ የምትሸሸግበት ዘመድ ቤትና ክሷን የሚሰማ ፖሊስ ይበልጥ ይጠቅማታል። ዕድርና አፎሻ ለሐዘንና ለሠርግ ብቻ አልተሠሩም፤ በችግር ሌሊት «ድረሱልኝ» ሲባል በር የሚከፍቱ ሰዎች የሚገኙት በእነርሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

የእኔ ድምዳሜ በድሬዳዋ ከተማ ለሚኖር አብዛኛው ቤተሰብ ጠመንጃ ከሚያስወግደው አደጋ የሚያስገባው ይበልጣል የሚል ነው። ይህ ድምዳሜ ግን የሚጸናው ሌሎቻችን የድርሻችንን ስንወጣ ነው፤ ፖሊስ ሲጠራ ሲመጣ፣ ፍርድ ቤት ሳይዘገይ ሲፈርድ፣ ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ መብራት ሲያበራ። እነዚህ በሌሉበት ሰው ወደ ጠመንጃ ቢያይ ከመውቀሳችን በፊት ምን እንዳጎደልንበት መጠየቅ ይገባናል።