መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፦ ሳይት ፕላን እንዴት ይጸድቃል?

ሳይት ፕላን አንድ ሕንፃ በቦታው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሥዕል ነው። መኝታ ቤቱ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ዓምዱ ስንት ብረት እንደሚገባበት ሌሎች ሥዕሎች ይናገራሉ። ይኼኛው የሚናገረው ሕንፃው ከመንገዱና ከጎረቤት አጥር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ቁመቱ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ መኪና በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የዝናቡ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥና የትኛው እንደሚተርፍ ነው። ጎረቤትንና መንገደኛን የሚነካው ጉዳይ በሙሉ እዚህ ሥዕል ላይ ስለሚገኝ፣ የአካባቢ መንግሥታት ከሌሎቹ ለይተው ይመረምሩታል።

የምርመራው ስምና ሥርዓት ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከካውንቲ ካውንቲም (ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) አንድ አይደለም፤ መሬት ላይ ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስኑት ከስቴቶቹ ሥልጣን የተሰጣቸው የአካባቢ መንግሥታት ናቸውና። ከዋሽንግተን በስተሰሜን የሚዋሰነው የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በዚህ ረገድ ሥርዓቱ ከተደራጀላቸው አንዱ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላባት ሲልቨር ስፕሪንግም የምትገኘው እዚያው ነው።

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ቦታ በሊዝ የያዘ ሰው ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚሠራበት ቢነገረው አይደንቀውም። በሜሪላንድ ግን መሬቱ የግል ነው፤ ባለቤቱ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል። ታዲያ በገዛ መሬቱ ላይ ለሚያቆመው ሕንፃ ካውንቲው ምን አገባው? ሙግቱ አስቀድሞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በኦሃዮ የምትገኘው የዩክሊድ መንደር መሬቷን ለመኖሪያ፣ ለንግድና ለፋብሪካ ብላ ብትከፋፍል፣ አንድ ኩባንያ የመሬቴን ዋጋ ጣላችሁት ብሎ ከሰሳት። ፍርድ ቤቱ በ1926 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመንደሪቱ ፈረደ። የሞንትጎመሪን ፕላን የሚመራው የሁለት ካውንቲዎች የጋራ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ ፍርድ በኋላ በዓመቱ፣ በ1927 ነው።

ግንባታ ሁሉ ግን በሳይት ፕላን ምርመራ አያልፍም። በመኖሪያ ሠፈር አንድ ቤት የሚሠራ ሰው በአብዛኛው ከግንባታ ፈቃድ በቀር ሌላ አይጠየቅም። የቆመ ሱቅ ተከራይቶ ምግብ ቤት የሚከፍተውም የሚያስፈልገው የመጠቀሚያ ፈቃድ እንጂ ሳይት ፕላን አይደለም። ሳይት ፕላን የሚጠየቀው እንደ ቦታው ምድብና እንደ ግንባታው መጠን ነው፤ ባለብዙ ፎቅ አፓርትመንት፣ የገበያ ማዕከል፣ መቶ ቤት ያለው መንደር ሲታሰብ። አልሚው ከመደበኛው መጠን በላይ መሥራት ከፈለገ ደግሞ በለውጡ ለሕዝብ የሚሰጠው ነገር ይጠየቃል፤ አደባባይ፣ መናፈሻ፣ የእግረኛ መተላለፊያ። 20 ወይም ከዚያ በላይ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ቢያንስ 12.5 በመቶውን መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በተመጠነ ዋጋ እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ሕግ መነሻው የ1974 ድንጋጌ ሲሆን፣ የትኞቹ ቤቶች እነዚያ እንደሆኑ የሚለየውም በዚሁ ሥዕል ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከማመልከቻው በፊት ነው። አልሚው በቦታው ላይ ማስታወቂያ ይተክላል፣ ለጎረቤቶችና ለሠፈር ማኅበራት ደብዳቤ ይልካል፣ ስብሰባ ጠርቶ ያሰበውን ያሳያል። በዚህ ስብሰባ ማንም ምንም አይወስንም። ሆኖም ብልህ አልሚ ስለ ጥላና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚነሣውን ቅሬታ እዚህ ሰምቶ ሥዕሉን ያርማል፤ ያልሰማው በኋላ ዕቅዱን በሚወስነው የፕላን ቦርድ ፊት ይሰማዋል።

ከዚያ ፋይሉ ይገባል፤ የጎደለ ሰነድ ካለ ተመልሶ ይወጣል። የተሟላው ለየመሥሪያ ቤቱ ይበተንና ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ከሥርዓቱ ሁሉ ይበልጥ ፍሬ ያለው ይህ ስብሰባ ሳይሆን አይቀርም። የመንገዱ መሐንዲስ መኪና ከግቢው ሲወጣ የሚመጣውን ያያል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእሳት አደጋው ሰው መኪናው ቆሞ መሰላሉን የሚዘረጋበትን ቦታ ይለካል፤ የውኃው ባለሙያ የፍሳሽ መስመሩ ይችላል አይችልም ይላል። የዝናብ ውኃ የሚመለከተው ደግሞ አስፋልትና ጣሪያ ሲበዛ ጎርፉ የማን ግቢ ውስጥ እንደሚገባ ይመረምራል። የዛፉ ጉዳይ የራሱ ሕግ አለው፤ የሜሪላንድ የደን ጥበቃ ሕግ በ1991 ከወጣ ወዲህ ደን የሚነካ አልሚ የተወሰነውን ጠብቆ እንዲያቆይ ወይም በምትኩ እንዲተክል ይገደዳል። የእነዚህ ባለሙያዎች አስተያየት እርስ በርሱ ሲጋጭ ይታያል። እሳት አደጋ መንገዱ ይስፋ ሲል እግረኛን የሚያስበው ይጥበብ ይላል፤ ዛፉ ይቅር የተባለበት ቦታ ላይ የውኃ ቧንቧ ይለፍ የሚል ይመጣል። ጉዳዩን በአንድ መስኮት ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቢሆን ኖሮ አልሚው የመጀመሪያውን ለማስደሰት የሠራውን ለሁለተኛው ያፈርስ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ግን ጠበኞቹ ራሳቸው ይደራደራሉ።

ሕጉ ማመልከቻው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በ120 ቀናት ውስጥ ቦርዱ ፊት እንዲቀርብ ያዛል፤ ጊዜው ግን ሊራዘም ይችላል። የፕላን መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች የደረሱበትን ጽፈው ከስብሰባው አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። ቦርዱ በካውንቲው ምክር ቤት የሚሾሙ አምስት አባላት ሲኖሩት፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም፤ ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ነው። አልሚው ያስረዳል፣ ጎረቤቱ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ይናገራል፣ ቦርዱ በግልጽ ድምፅ ይሰጣል። አባላቱ ሕንፃው አያምርም ብለው መጣል አይችሉም። ጥያቄው ዕቅዱ ከአካባቢው ዋና ፕላን ጋር ይስማማል ወይ፣ መግቢያ መውጫው ደኅና ነው ወይ፣ መንገዱ፣ ውኃውና ትምህርት ቤቱ ይበቃል ወይ፣ ከአጠገቡ ካሉት ሕንፃዎች ጋር ይጣጣማል ወይ የሚል ነው። የዕቅዱ ተቃዋሚዎች ብዛት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ይህ በአዳራሹ ተሰልፎ የመጣውን ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኘዋል።

ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚያልፍ ዕቅድ ጥቂት ነው። ቅድመ ሁኔታም ቢሆን ልክ አለው። በኦሪገን የታይጋርድ ከተማ አንዲት የቧንቧ ዕቃ መደብር ባለቤት ሱቋን ላስፋፋ ብትል፣ ከተማው ከመሬትሽ ለጎርፍ መውረጃና ለብስክሌት መንገድ ቆርሰሽ ስጪ አላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 ከተማው የሚጠይቀው ነገር ግንባታው ከሚያመጣው ጫና ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ራሱ ማሳየት አለበት ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ፕላነር ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ሲጽፍ ይህን ፍርድ ያስታውሳል። በቦርዱ ውሳኔ የተከፋ ወገን ደግሞ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ከድምፁ በኋላ ውሳኔው በጽሑፍ ይወጣል፣ ቅድመ ሁኔታዎቹ በሥዕሉ ላይ ይሰፍራሉ፣ የተረጋገጠው ሳይት ፕላን ይፈረምበታል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በአንድ ወቅት ችግር የተፈጠረውም በእነዚህ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ባለው ክፍተት ነበር።

በካውንቲው ሰሜን ባለችው ክላርክስበርግ አዲስ መንደር ሲመሠረት ሳይት ፕላኑ የቤቶቹን ቁመትና ከመንገድ የሚርቁበትን ልክ ወስኖ ጸድቆ ነበር። ቤቶቹ ተሠሩ፣ ተሸጡ፣ ሰው ገባባቸው። ከዚያ ጥቂት ነዋሪዎች የፕላን መሥሪያ ቤቱን ፋይሎች ገልጠው ማንበብ ጀመሩ፤ ያነበቡት ከደጃፋቸው ከሚያዩት ጋር አልገጥም አላቸው። ቦርዱ በ2005 ጸደይ መጀመሪያ ጥሰት የለም አለ። በኋላ ግን ከጸደቀ በኋላ በአንድ ሠራተኛ እጅ የተለወጠ ሰነድ መኖሩ ታወቀና፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ቦርዱ ውሳኔውን ገለበጠ። ከ500 በላይ ቤቶች ከተፈቀደው በላይ ረዝመዋል ወይም ወደ መንገዱ ተጠግተዋል ተባለ። ካውንቲው ባደረገው ምርመራ፣ ፕላን ያጸደቀውና ግንባታ የፈቀደው መሥሪያ ቤቶች ቁመቱን ሌላው ይለካል ብለው አንዱ በሌላው ሲተማመኑ መቆየታቸው ታየ። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አልፈረሱም፤ በ2006 በሽምግልና በተደረሰ ስምምነት አልሚው ለመንደሩ ተጨማሪ ሥራዎችን እንዲሠራ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ ግንባታው ከሳይት ፕላኑ ጋር መግጠሙን የማየት ኃላፊነት ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተላለፈ። የጸደቀን ፕላን መለወጥም በሁለት ደረጃ ነው። እንደ ችግኝ ዓይነት ያለ ትንሽ ለውጥ የፕላን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይፈቅዳል፤ ቁመትን ወይም የቤት ብዛትን የሚጨምር ግን ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ ሕዝብ ተሰምቶ እንደገና ለቦርዱ ይቀርባል። የተፈረመበት ሥዕል ደግሞ ዛሬ በኢንተርኔት ስለሚገኝ፣ አፓርትመንት ሊገዛ ያሰበ ሰው ሳይቀር ከመክፈሉ በፊት ከፍቶ ከፊቱ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ምን ሊቆም እንደተፈቀደ ማየት ይችላል።