ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፤ መስፍን ወልደ ማርያምና የገጠር ኑሮ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ካለፈ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ የከተማዋ ከፍታ 1280 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሣው መንገደኛ ከታች ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ከመካከል ጤፍና ስንዴ፣ ከታች ማሽላና ማሾ፣ ውኃ በተጠለፈበትም ሽንኩርት ያያል። በአንድ የግማሽ ቀን ጉዞ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን አየ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አገር ለማወደስ አይደለም። ዓላማችን የኢትዮጵያን ገበሬ ኑሮ በጥናት ለመረዳት ከደከሙት ቀደምት ምሁራን መካከል የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ይፋትን መነሻ ያደረግነውም የእርሳቸው የጥናት መንገድ ምን እንደ ሆነና ለምን እንደሚያስፈልግ ይህ ቁልቁለት ከብዙ ሐተታ ይበልጥ ስለሚያስረዳ ነው።

1. የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ምንድን ነው?

ስለ ሕዝብ ኑሮ መናገር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ሕዝቡን ራሱን በሥርዓት ጠይቆ፣ መልሱን ቆጥሮና አመዛዝኖ መናገር ግን አዲስ ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የሎንዶንን ድሆች ኑሮ ማጥናት ሲጀምር፣ ከከተማው ሕዝብ አንድ አራተኛው ድሃ ነው መባሉ የተጋነነ መስሎት ነበር። ሠፈር ለሠፈር አስጠይቆ ሲጨርስ ግን ከመቶ 30.7 ሆኖ አገኘው። ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር ጥናት ማለት አጥኚው የሚያምነውን የሚያጸናበት ሳይሆን፣ ስሕተቱንም የሚያገኝበት መንገድ መሆኑን ነው።

በኋላ ደግሞ ሁሉን ሰው መጠየቅ ሳያስፈልግ በትክክል የተመረጠ ናሙና ስለ ብዙው ሊናገር እንደሚችል ታወቀ። በሕንድ አገር በፕሮፌሰር ማሃላኖቢስ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1950 የተጀመረው አገር አቀፍ የናሙና ጥናት ለድሃ አገሮች ትልቅ ምሳሌ ሆኗል።

በአገራችን የማእከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው። የገጠሩ የናሙና ጥናትም ከዚያ ቀጥሎ በየጠቅላይ ግዛቱ ተካሄደ። የመላው አገር ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው ግን ገና በ1976 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በአንድ አውራጃ ረኃብ ገባ ሲባል፣ በዚያ አውራጃ ስንት ሰው እንደሚኖር በቆጠራ የሚያውቅ አልነበረም።

2. የፕሮፌሰር መስፍን ሕይወት

መስፍን ወልደ ማርያም በ1922 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1951 በሕንድ አገር ከፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። የዶክቶሬት ዲግሪያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1977 ከዚያው ከክላርክ ተቀብለዋል። በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ አስተማሩ፤ የትምህርት ክፍሉንም መሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሔት በእርሳቸው አዘጋጅነት ወጣ። የኢትዮጵያን አትላስ አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያም ብዙ ተማሪ ያነበበው መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን ተማሪዎችም ከጥናት ሥራ ውጭ አልነበሩም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ተማሪዎች ስለየትውልድ ቀያቸው ልማድ የጻፉትን ያሳትም ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ደግሞ ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጣ ማገልገል ያዘ። የከተማው ልጅ የገጠሩን ኑሮ በዓይኑ እንዲያይ ይህ ታላቅ በር ከፍቷል።

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሲጠና የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነገሩን ለሕዝብ ለመግለጽ ሞክረዋል። በ1966 ዓ.ም. የባለ ሥልጣኖችን ጥፋት እንዲመረምር የተቋቋመውን መርማሪ ኮሚሽን የመሩት ፕሮፌሰር መስፍን ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም ከ1998 እስከ 1999 ዓ.ም. ታስረዋል። መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በዘጠና ዓመታቸው ዐረፉ።

3. ሦስት መቶ ሁለት ቀን

ፕሮፌሰር መስፍን ስለ ረኃብ የጻፉት ዋና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ድረስ ያለውን ሃያ ዓመት ይመለከታል። በዚህ ሥራ የተጠቀሙበት መንገድ ቀላል ይመስላል፤ የትኛው አውራጃ በየትኛው ዓመት ተራበ? የሚለውን ከመንግሥት መዛግብት መልቀም ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ ሲገለጥ የረኃቡ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የወሬውም ታሪክ ወጣ።

ከይፋት ብዙ የማይርቀው የወረ ኢሉ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። የረኃቡ ወሬ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1965 ገደማ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደርሶ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪቀርብ ግን 302 ቀን ፈጀ። ከዚያም በኋላ ሚኒስቴሩ ነገሩን እንዲመለከት ታዘዘ፤ ሚኒስቴሩም የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክለት ጠቅላይ ግዛቱን ጠየቀ።

እኛ ይህን ታሪክ የምናነበው የአንድን ዘመን ባለ ሥልጣን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። የስም ዝርዝር መጠየቅም እኮ በራሱ ጥናት ነው። ነገር ግን ጊዜው ያለፈበትና ጥያቄው የተሳሳተ ጥናት ነው። በሕይወት ያለው ምን ይበላል፣ በሬውን ሸጧል ወይ፣ ዘሩን በልቶታል ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ፣ የሞተው ማን ነው ተባለ። ጥያቄ ሲበላሽ የሚጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው።

4. የክርክሩ ፍሬ ነገር

ፕሮፌሰር መስፍን የአንድን ሰው መራብና የአንድን አገር መራብ ይለያሉ። ሰው አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ሊራብ ይችላል። ችጋር የሚባለው ግን ሰፊ አገር ይዞ፣ ብዙ ወር ቆይቶ፣ አብዛኛውን የገጠር ሕዝብ መትቶ ኑሮንና ማኅበርን የሚያፈርስ ነው። እንዲህ ያለው መዓት በአንድ ክረምት ዝናብ መቅረት ብቻ አይመጣም። ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ በሆነ እርሻ ስለሚኖር፣ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው የለውም፤ ካመረተውም ላይ ግብሩና ዕዳው ይወስዱበታል። በአንድ በኩል ተፈጥሮ፣ በሌላው በኩል የማኅበሩና የአስተዳደሩ ሥርዓት ያለ መከላከያ ያገኙታል። ድርቅ ምክንያቱን አመጣ እንጂ ገበሬውን አስቀድሞ ያደከመው ሥርዓቱ ነው ማለታቸው ነው።

በዚሁ ዘመን ሕንዳዊው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ ረኃብ ጽፏል። የእርሱም ማስረጃ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ አለመናሩ ነበር። እህል በአገሪቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የተራበው ሰው ምርቱን ስላጣ መግዣም አልነበረውም። ሁለቱ ምሁራን በመንገዳቸው ይለያያሉ፤ አንዱ እህል የማግኘትን መብት፣ ሌላው የአምራቹን ኑሮ ያስቀድማል። ሁለቱም ግን ረኃብን ለሰማይ ብቻ መተውን አልተቀበሉም።

5. ከአግድም ወደ ቁልቁል

በአውራጃ መቁጠር ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም ጉድለትም አለው። የቀድሞውን የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ብንወስድ፣ የደጋውን ገብስ አምራችና የቆላውን ማሽላ አምራች በአንድ ስም ያጠቃልል ነበር። የደጋው ሰው በበልግ ዝናብ ሲተማመን፣ የቆላው ሰው ክረምቱን ይጠብቃል። ደጋው በውርጭ፣ ቆላው በሙቀትና በዝናብ እጥረት ይጎዳል። አማካይ ቁጥር ሲወሰድ ሁለቱም ይሰወራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ፕሮፌሰር መስፍን ስለ ሰሜን ማእከላዊ ኢትዮጵያ ገበሬዎች ችግር ያሳተሙት ሁለተኛው ትልቅ ጥናት በርዕሱ ላይ የቁልቁለት ጥናት መባሉ ትርጉም ያለው በዚህ ላይ ነው። የፊተኛው ሥራ አገሪቱን በአግድም፣ አውራጃ ለአውራጃ ተመለከተ። የኋለኛው ደግሞ ተራራውን ከላይ ወደ ታች ተከትሎ ገበሬውን በየከፍታው ይመለከታል። በእኛ አስተያየት ከፊተኛው ወደ ኋለኛው መሻገራቸው አጥኚ የገዛ መሣሪያውን ጉድለት እንዴት እንደሚያርም የሚያሳይ ነው።

6. ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

አንድ ተማሪ ዛሬ መጠይቁን ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ምን ያጋጥመዋል? በአስፋልቱ ዳር ብቻ ቢቆም፣ የመስኖውን ሽንኩርትና የከተማውን ንግድ አይቶ ቆላው ሀብታም ነው ብሎ ይመለሳል። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ቢገባ ግን ዝናብ ብቻ የሚጠብቀውን ማሽላ ያገኛል። በጥር ቢሄድ እህል ከጎተራ ገብቶ ያገኛል፤ በነሐሴ ቢሄድ ያንኑ ጎተራ ባዶ ያየዋል። ስንት ኩንታል አመረትህ? ብሎ ቢጠይቅ፣ በቁናና በዳውላ የሚቆጥረው ገበሬ በግምት ይመልስለታል። የከብቱን ብዛት ቢጠይቅ፣ ግብር ሊጨመር ነው ብሎ የሚሰጋው ሰው ቀንሶ ይነግረዋል። ባልዬውን ብቻ ቢያነጋግር ደግሞ፣ ምጣዱ ስንት ቀን ሳይጣድ እንደ ዋለ የምታውቀው ሚስቲቱ ሳትጠየቅ ትቀራለች።

በይፋት ቆላ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በሰንበቴ የእሑድ ገበያም ይገናኛሉ። ለከብት አርቢው ክፉ ዓመት የሚታወቀው ከገበያው ከብቱ ረክሶ እህሉ ሲወደድ ነው። ለአራሹ ግን በሬ ማጣቱ የሚመጣውን ዓመት ጭምር ማጣት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት መጠይቅ ለሁሉ አይበቃም። ገበያውን፣ ማሳውንና ማዕዱን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፕሮፌሰር መስፍን በጂኦግራፊ የጀመሩት ሥራ በሰብአዊ መብት የተፈጸመው ያለ ምክንያት አይመስለንም። የጉባኤው መግለጫዎች የተበዳዩን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ለይተው ይጽፉ ነበር። ይህም የአጥኚ ልማድ ነው። በአስተሳሰባቸው ሁሉ የማይስማማ ሰው ይኖራል፤ ገበሬውን ያለ አቅሙ ደካማ አድርገው አቅርበውታል የሚልም አይጠፋም። ይህ ክርክር መቀጠል የሚገባው ነው። ነገር ግን ተከራካሪው እንደ እርሳቸው ወርዶ፣ ጠይቆ፣ ቆጥሮ ሊመጣ ይገባዋል።

በ1977ቱ ረኃብ ሰሜን ሸዋም ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተሻሽሏል፤ ስልክም በየቀበሌው ገብቷል። ዛሬ ወሬ ከይፋት ቆላ አዲስ አበባ ለመድረስ 302 ቀን አያስፈልገውም። የሚቀረው፣ ወሬው ሲደርስ ትክክለኛውን ጥያቄ በጊዜው የሚጠይቅ ሰው መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማሠልጠን የዚህ ኮሌጅ ሥራ፣ መሆን ደግሞ የእኛ የተማሪዎቹ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።