«ሞተሩ አልቋል» የተባለ የሣር ማጨጃ ስንት ያወጣል?

ያገለገለ የሣር ማጨጃ በጨረታም ሆነ በደላላ በኩል ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል አብሮት ይመጣል፤ «ሞተሩ አልቋል» የሚል። ይህ ቃል የማሽኑን ዋጋ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ያወርደዋል። ይሁን እንጂ አለቀ ከሚባሉት ሞተሮች መካከል ችግራቸው የቫልቮላ ብቻ የሆነ አሉ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ገዢ ያተርፋል፤ የማያውቅ ሻጭ ደግሞ ይከስራል።

ምልክቱ ምንድን ነው?

የማስነሻ ገመዱ ሲሳብ ያለ ወትሮው ከቀለለ ሞተሩ እመቃ አጥቷል ማለት ነው። በካርቡራቶር በኩል መልሶ የሚተፋ ከሆነ የማስገቢያው፣ በማርሚታ በኩል የሚተኩስ ከሆነ ደግሞ የማስወጫው ቫልቮላ ይጠረጠራል። ክረምት አልፎ ሣር ማጨድ ሲቀር ቤንዚን እንደያዘ የተቀመጠ ማሽንም የነዳጁ ዝቃጭ ቫልቮላውን ሊያጣብቀው ይችላል።

ዋጋ ከመነጋገር በፊት

የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ፣ ካንዴላው ተፈቶ፣ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመራል። ካንዴላው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ሽቦው እንደተነቀለ ገመዱ ይሳባል። ገመዱ ከበፊቱ ከከበደ ዘይቱ ክፍተት ደፍኗል ማለት ነውና የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ለውጥ ከሌለ ግን እመቃው የሚያመልጠው በቫልቮላ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለሚሆን ጥገናው ቀለል ይላል።

ጥገናው

አንዳንዱ ሞተር ማስተካከያ ብቻ ይበቃዋል። ለምሳሌ በሣር ማጨጃዎች ላይ በብዛት የተገጠመው የሆንዳ ጂሲቪ 160 ሞተር፣ ቀዝቃዛ ሳለ የማስገቢያው ክፍተት 0.15፣ የማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህም ከአንድ ወይም ከሁለት ወረቀት ውፍረት የሚበልጥ አይደለም። ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፤ እመቃው ያመልጣል፤ እየቆየም ቫልቮላው ይቃጠላል። መቀመጫው ብቻ የጠቆረ ቫልቮላ ተፈትጎ ይመለሳል፤ የተጣመመው ወይም ጠርዙ የተቃጠለው ግን በአዲስ ይተካል።

መለዋወጫ

ብሪግስ ኤንድ ስትራተን እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ባለቤት ተዛውሯል። ሆንዳም በአሜሪካ የሚያመርተውን የሣር ማጨጃ እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሟል። ስለሆነም በማሽኑ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻ አያስተማምንም። ሞተሩ ላይ የተመታውን የሞዴል ቁጥር ይዞ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ መሄድና የቫልቮላውንና የጓርኒሲዮኑን ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመለዋወጫውና የመካኒኩ ሒሳብ ተደምሮ፣ ደህና ከሚሠራ ያገለገለ ማሽን ዋጋ ላይ ተቀንሶ የሚተርፈው ገንዘብ የገዢው የመጨረሻ ዋጋ ነው። ሻጩም ቢሆን «አልቋል» ከማለቱ በፊት ያችን አንድ ማንኪያ ዘይት ቢሞክር አይጎዳም።