ከአሮጌ ልብስ የስፖርት ልብስ ስለ ማውጣትና ስለ ንጽሕናው

በወገል ጤናም ሆነ በላሊበላ፥ በወሎ ደጋ ሁሉ፥ ተማሪ በዕረፍት ሰዓት የሚያንከባልላትን የጨርቅ ኳስ የማያውቅ መምህር የለም። የተቀደደ ካልሲ፥ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭና ያረጀ ሹራብ ተጠቅልሎ በሲባጎ ይታሰራል፤ ኳስም ይሆናል። ድሪቶ የሚባለውም ከእራፊ ተጣጥፎ የተሰፋ ልብስ ነው፤ በረባሶም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ ነው። ስለዚህ ከተጣለ ነገር መልሶ መጠቀም ከውጭ አገር የመጣልን ጥበብ አይደለም። አሁን የምንነጋገርበት፥ ጨርቁ ኳስ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ማሊያ፥ ቁምጣና ቱታ ስለሚሆንበት መንገድ ነው፤ ይልቁንም ከመሆኑ በፊት ስለሚያስፈልገው ጽዳት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በፋብሪካ ይሠራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1813 በእንግሊዝ አገር ባትሊ በምትባል ከተማ ቤንጃሚን ሎው የተባለ ሰው አሮጌ የሱፍ ጨርቅ ቦጫጭቆና ከአዲስ ሱፍ ጋር ቀላቅሎ እንደገና ፈተለው። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት አልፎአል፤ ነገር ግን ችግሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ጨርቅ ሲቦጫጨቅ ጭረቱ ያጥራል፤ ጭረቱ ያጠረ ክርም ቶሎ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አዲስ ጥጥ ወይም አዲስ ሱፍ ሳይጨመርበት አይጸናም። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ በእሳት ይቀልጣልና ቀልጦ እንደገና በክር መልክ ይሳባል። የውሃ መጠጫው የፕላስቲክ ጠርሙስም በተፈጥሮው ከዚሁ ክር ጋር አንድ ነው። በ2010 በፈረንጅ አቆጣጠር በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ፥ ናይኪ የተባለው ድርጅት ለአንዳንድ ብሔራዊ ቡድኖች ያቀረበው ማሊያ እያንዳንዱ እስከ ስምንት ከሚደርሱ ጠርሙሶች የተሠራ ነበር። አንባቢ ግን ልብ ይበል፤ ያ ማሊያ የተሠራው ከጠርሙስ ነው እንጂ ከአሮጌ ልብስ አይደለም። በ2017 በፈረንጅ አቆጣጠር በወጣ ግምት መሠረት በዓለም ላይ ለልብስ ከሚውለው ነገር ሁሉ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ጥጥና ፖሊስተር በአንድ ጨርቅ ተቀላቅለው ስለሚሠሩ፥ ለመለየትም ስለሚያስቸግሩ ነው።

በአገራችንም የልብስ ፋብሪካዎች በዝተዋል። የሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም.፥ ለእኛ የሚቀርበው የኮምቦልቻው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ልብስ ሲቆረጥ ከጨርቁ ከመቶ ዐሥራ አምስት እጅ ያህሉ ቁርጥራጭ ሆኖ እንደሚቀር በዓለም ዙሪያ ይገመታል፤ በገበያችን ከልብስ ሰፊው መኪና ሥር የሚጠራቀመውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ትምህርት ቤት መቦጫጨቂያ መኪና አያስፈልገውም፤ መቀስ፥ የስፌት መኪናና የፈላ ውሃ ይበቃዋል። ሳልባጅ የሚባለው በቦንዳ የሚመጣው ልባሽ ልብስ ወደ አገር እንዳይገባ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ እኛ የምንመክረው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በተኛው አሮጌ ልብስና በልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ እንድትጠቀሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቱኒስ ከተማ የሚገኘው የፓስተር ተቋም ኃላፊ የነበሩት ፈረንሳዊው ዶክተር ሻርል ኒኮል አንድ ነገር ተመለከቱ። በተስቦ የታመመ ሰው ከቤቱ ሳለ ቤተ ሰቡን ያስይዛል፤ ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ ልብሱን የሚቀበሉትና የሚያጥቡት ሠራተኞችም ይታመማሉ፤ ነገር ግን ገላውን ታጥቦ የሐኪም ቤቱን ልብስ ለብሶ ከተኛ በኋላ ማንንም አያስይዝም። እንግዲህ በሽታው የሚኖረው ከበሩ ላይ በተገፈፈው ልብስ ነው ማለት ነው። በ1909 በፈረንጅ አቆጣጠር ተስቦን የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆንዋን በምርመራ አረጋገጡ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የልብስ ቅማል የምትኖረው በገላ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የምትመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። እንቁላልዋንም በአንገትጌ፥ በብብትና በወገብ ስፌት ላይ ትጥላለች። ከተስቦ ሌላ ግርሻን ታስተላልፋለች፤ ይህም ትኩሳት ለጥቂት ቀን አንድዶ ይለቅና ከሳምንት ያህል በኋላ ተመልሶ የሚነሣው ነው፤ ከአገራችንም ገና አልጠፋም። ግርሻ የሚገባው ቅማሊቱ ገላ ላይ ስትፈረጥና ሰው ሲያክከው ነው። የተስቦ ዘር ደግሞ በኩስዋ ውስጥ ሆኖ ደርቆ እንደ ትቢያ ብዙ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ያልታጠበ አሮጌ ልብስ ማራገፍ አይገባም፤ በቀስታ ተጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ውሃው ይግባ።

እከክም አለ። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በክልላችን ድርቅ በጎዳቸው ወረዳዎች በተደረገው ምርመራ ከ300,000 በላይ ሰዎች እከክ ይዞአቸው ተገኝተዋል። እከክ በብዛት የሚተላለፈው ገላ ከገላ በመነካካት ነው፤ በልብስ የሚተላለፈው ከዚያ ያነሰ ነው። ቢሆንም አንድ ማሊያ ለሦስት ተማሪ እየተቀያየረ ሲለበስ ለእከክም ሆነ ለጭርት መንገድ መክፈት ነው።

ቅማልና እንቁላልዋ በ60 ዲግሪ ሙቀት ይሞታሉ። እዚህ ላይ አንዳንድ መምህራን የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላልና ሙቀቱ ይበቃል ወይ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በላሊበላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል። የጥጥ ልብስ በፈላ ውሃ ሩብ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ፖሊስተርና ላስቲክ ያለበት ልብስ ውሃው ከእሳት ከወረደ በኋላ፥ እጅ የማይታገሠው ትኩስ ሳለ ይግባ። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ውሃና ማገዶ በላስታ እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን፤ እናቶች በጀርባቸው የሚያመጡትን ለማሊያ አፍስሱ ማለት ቀላል አይደለም። ለዚህ ሌላ ዘዴ አለ። ልብሱን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ 14 ቀን ማስቀመጥ ነው። ቅማል ደም ካላገኘች ከሳምንት በላይ አትቆይም፤ እንቁላልዋም የገላ ሙቀት ካላገኘ አይፈለፈልም። በፈላ ውሃ የሚጨማደደው የሱፍ ሹራብም በዚሁ መንገድ ይጠበቃል። ሆኖም የተስቦው ትቢያ በከረጢት አይጠፋምና በኋላ በለብታ ውሃና በሳሙና መታጠቡ አይቀርም። ስፌቱን በከሰል ካውያ ማሸትም ብዙ ይረዳል። የሰብል ፀረ ተባይ በልብስ ላይ መርጨት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ተማሪው ሲያልበው መርዙ በቆዳው ይሰርጋል። ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ የነካው፥ የቁስል ማሰሪያም የነበረው ጨርቅ ለምንም የስፖርት ልብስ አይሁን።

ከታጠበ በኋላ ጨርቁን መለየት ያሻል። ከዳር አንድ ክር መዝዞ በእሳት መለኮስ ነው፤ ይህንንም ተማሪዎች በክፍል ሆነው ቢያዩት ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ዐመድ ይሆናል፤ ሱፍ የተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ጨሌ ይጠጥራል። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ስለሚይዝ በደጋው ነፋስ ተጫዋቹን ያቀዘቅዘዋል፤ ቢሆንም ለቁምጣ ይበጃል። ፖሊስተር ቶሎ ስለሚደርቅ ለማሊያ ይመረጣል፤ ሽታ ግን ይይዛል። የትልቅ ሰው ልብስ ክርኑና አንገትጌው ሲያልቅ ጀርባው ደኅና ሆኖ ይቀራልና ከጀርባው ለልጅ ማሊያ ይወጣል። አሮጌው ብብት ተቆርጦ ይጣል። የሚለጠጠው ጨርቅ መለጠጫው ወደ ጎን ሆኖ ይቆረጥ፤ በዚግዛግም ይሰፋ፤ አለዚያ ልጁ ገና ሲሮጥ ይበጠሳል።

ማሊያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከጨዋታ ሲመለስ በአንድ ከረጢት ታጭቆ እስከ ሌላው ሳምንት በመጋዘን ይጣላል፤ እርጥብ ሳለም ይለበሳል። ይህን ልማድ በብዙ ስፍራ አይተነዋል። በጀርባው ላይ የሚሰፋው ቁጥር ለዳኛ ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ። ሰባት ቁጥር የለበሰው ተማሪ ሰባት ቁጥርን ለብቻው ይያዝ፤ ወደ ቤቱ ወስዶ ያጥበው፤ መምህሩም ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት አንገትጌውንና የብብቱን ስፌት ገልብጦ ይመልከትለት።