በኅብረት ለሚሠሩ ተማሪዎች

መምህር ለአምስት ተማሪዎች አንድ ሥራ በኅብረት ሲሰጥ፥ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲጽፍ ያድራል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። ውጤቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ቂሙ ግን በልብ ይቀራል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ሆኖም ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ ለብቻው 85 ኪሎ ያህል የሚጎትት ሰው ከሰባት አንዱ ሲሆን ወደ 65 ኪሎ እንደሚወርድ አመለከተ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ሊቃውንት ሰዎችን በአንድነት አስጩኸው፥ የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ በነገሯቸው ጊዜ ጉልበት መቈጠቡ እንደ ቀረ አዩ።

ስለዚህ ልጆቻችን በመጀመሪያው ቀን ተነጋግረው፥ ማን ምን ሠርቶ መቼ እንደሚያደርስ ይጻፉ። ዝም ያለውንም «ሰነፍ ነው» ከማለታቸው በፊት ለብቻው ይጠይቁት፤ ሥራው አልገባው ወይም በቤቱ በሽተኛ ይኖር ይሆናል። ሁሉን ብቻውን የሚሠራውም ከነቀፋ አያመልጥም፤ በጊዜው ሳይናገር ተሸክሞ፥ በኋላ ባልንጀሮቹን ያማልና።

እኛም ወላጆች «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «የአንተ ድርሻ የትኛው ነበር?» ብለን እንጠይቅ።